ሁለታችንም የተውነው ሥራ

እኔ ሥራ ላይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። መወልወያ ይዤም ቢሆን እለፈልፋለሁ። ጋሼ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበሩ፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት አብረን የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ስናጸዳ ሁለት ቃል ቢወጣቸው ነው። «ጋሼ፣ ይስሙኛል?» እላለሁ። «ምርጫ አለኝ?» ይላሉ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ቦታው አምስተርዳም ነው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከአንዲት ልጄ ጋር ስሎተርቫርት በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ጋሼ ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው ኤርትራዊ ናቸው። ከውኃው ማዶ፣ አምስተርዳም ኖርድ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ በየማለዳው በጀልባ ይሻገራሉ። አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የጠራ ነው። ደስ ያላቸው ቀን ብቻ በትግርኛ «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። አገር ቤት የእሳቸው ወገንና የእኔ ወገን ይተላለቃል። ያገሬ ልጆች ሮተርዳም ለፋሲካ ስንሰበሰብ አንዳንዱ «ከሰውዬው ጋር ምን አገናኘሽ?» ይለኝ ነበር። «መጥረጊያ!» እለዋለሁ። ደሜ ይፈላል፣ ምን ላድርግ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተጎዱ መጻሕፍት የሚጠገኑበት የጥረዛ ክፍል አለ። እኛ ወለሉን ጠርገን እንወጣለን እንጂ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንነካም። ጋሼ ግን እዚያ ክፍል ሲገቡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የሙጫውን ሽታ ይስባሉ፣ መጭመቂያውን ብረት በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ ወስፌውን አንስተው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ሊጣሉ ከተከመሩ አሮጌ መጻሕፍት አንዱን አስፈቅደው ወሰዱና በሻይ ሰዓታችን፣ ደረጃ ሥር ተቀምጠን፣ እንዴት እንደሚሰፋ አሳዩኝ። እኔ ያቺን ሩብ ሰዓት ለወሬ ነበር የምፈልጋት። ግን እጄ ወደደው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሻይ ሰዓቱ ስሰፋና ስፈታ ከረምኩ። የሰፋሁትን በአውራ ጣታቸው ዳር እስከ ዳር ያስኬዱታል። «እዚህ ጋ ላልቷል» ይላሉ። ወይም ደግሞ «ጓለይ» ይላሉ፤ ያን ቀን ስበር እውላለሁ።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ አንዲት አዲስ ሴት መጣች። አጭር፣ ጸጉሯ እንደ ጥላሸት የጠቆረና ቀጥ ያለ፣ ስትራመድ የምትቸኩል። ሰው ሁሉ ከህንድ መጣሽ፣ ከኢንዶኔዥያ መጣሽ እያለ አሰልችቷት ነበር። «ከሱሪናም ነኝ» አለችኝ። «የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች እኛ ነን። ሌላው ሁሉ በመርከብ የመጣው ከእኛ በኋላ ነው።» ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ነው የተወለደችው። ከወገኖቿ እዚህ አገር የመጡት አብዛኞቹ ወይ ዛንዳም ከተማ ፋብሪካ ገብተዋል፣ ወይ እንደ እኛ ወለል ይወለውላሉ። ዩኒቨርሲቲው እሷን የቀጠራት እነሱንም፣ እንደ እኛ ያለውንም ስደተኛ ወደ ደህና ሥራ እንድታስገባ፣ ከገባም በኋላ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ እንድታግዝ ነው። የእሷም ውል የአንድ ዓመት ብቻ ነበር።

አሠራሯ ግን ለየት ይላል። ቢሮዋ ቁጭ ብላ ቅጽ አላስሞላችንም። በማለዳ እኛ ያለንበት ወረደች፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆመችና «ይህን ባልዲ ከመያዝሽ በፊት ምን ትሠሪ ነበር?» አለችኝ። እጄን በአፌ ጫንኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ የማያውቅ ነገር እኮ ነው! ዴን ሃግ ያለው የስደተኞች ቢሮ ከምን እንደሸሸሁ ጠይቆኛል። የድጎማው ቢሮ ስንት ነፍስ እንደማስተዳድር ጠይቆኛል። ምን እንደምችል የጠየቀኝ ግን አልነበረም። መምህራን ማሠልጠኛ ሁለት ዓመት እንደተማርኩ ነገርኳት፤ ስለ ራሴ ያንን ብቻ ብዬ ስለ ጋሼ ግማሽ ሰዓት አወራሁ።

እሷም ማስታወሻዋን አጥፋ ሄደች። ከስንት ስብሰባ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቦታ ይዛ ተመለሰች፤ በጥረዛ ክፍሉ ረዳት ሠራተኛ። በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት አለው፤ ዓመት ከተሠራበት «ቫስት» የሚሉት ቋሚ ውል ይሆናል። የእኔንም የጋሼንም ስም መዝግባለች። አንድ ቦታ ነው፣ እኛ ሁለት ነን።

ያቺ ቦታ ደግሞ እንዲያው በቀላሉ የምትታይ አልነበረችም። በዓመቱ መጨረሻ የጽዳቱ ሥራ ለውጭ ድርጅት እንደሚሰጥ ሰምተናል። አዲሱ ድርጅት ማንን እንደሚያስቀር፣ ማንን እንደሚያሰናብት የሚያውቅ የለም። የቋንቋው ነገር ያልሆነላቸው የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ደግሞ ማን ይቀጥራል? ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው። ሙያው የእሳቸው። እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ? ምን ቆርጦኝ! ሐሙስ ዕለት በተሰባበረ ሆላንድኛዬ «በግል ምክንያት ትቼዋለሁ» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን በሴትዮዋ በር ሥር አሾለክሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ወደ ቤቴ ስመለስ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ በትራም ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር።

ሰኞ ሁለታችንንም ቢሮዋ ጠራችን። በሩ ላይ ስንደርስ ጋሼ ቆሙ። «ግቢ» አሉኝ። «ኧረ ጋሼ፣ ይቅደሙ።» «ግቢ እንጂ አንቺ ልጅ።» «በሞቴ ይግቡ!» ሴትዮዋ ጠረጴዛዋ ላይ እንዳለች ስታየን ቆየችና ብድግ አለች።

«ይኸው!» አለች። «ሁለታችሁም ያጠፋችሁት ይኸው ነው!»

ተቀመጥን። «ሐሙስ አንቺ ደብዳቤ ጻፍሽልኝ» አለች። «ዓርብ ደግሞ እሳቸው መጥተው እዚሁ በር ላይ ቆመው፣ በጣታቸው እያመለከቱ ‹እኔ አይ፣ ልጅቷ አዎ› አሉኝ። አሁን እኔ ለክፍሉ ማንን ላቅርብ? ባልዲውን?»

ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። አንገታቸውን ቀስ አድርገው ወደ እኔ አዞሩ። «አንቺም ተውሽው?» «እርስዎም?» ሳቄ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ ግንባሯን ይዛ ነበር።

«ለዚህች አንዲት ወንበር ስድስት ስብሰባ ተቀምጫለሁ። ሰው ካላቀረብኩ ‹እነሱ ራሳቸው አይፈልጉም› ብለው ይዘጉታል። ከእናንተ ኋላ የተሰለፉ የእኔ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱም ይዘጋል። እኛም መንደር ሽማግሌ ሳይቀምስ ወጣት አይበላም፣ ይገባኛል። ግን ሽማግሌው አልበላም ካለ ወጣቱ ይበላል እንጂ ምግቡ አይደፋም!»

ሳቄ ደረቀ። ጋሼ «ንገሪያት፣ እኔ ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆሜ የወጣት እንጀራ አልሻማም» አሉ። ነገርኳት። «አልሰማም» አለች። «ረቡዕ ሁለታችሁም ትፈተናላችሁ። ክፍሉ ይምረጥ።»

ረቡዕ ምድር ቤት ወረድን። የክፍሉ ኃላፊ ረጅም፣ የቆዳ ሽርጥ የታጠቀ፣ ቃል የሚቆጥብ ሆላንዳዊ ነው። ነባሩ ጠራዥ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ የሚያስተምር ሰው እንደቸገራቸው ነገረንና ቅጠሎቹ የተላቀቁበት አሮጌ መጽሐፍ ለየራሳችን ሰጠን። ስፉ፣ ሌላ ምንም የለም። ሴትዮዋ ጥግ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። መስኮቱ ከቦዩ ውኃ ጋር እኩል ስለሆነ ዳክዬዎቹ አፍንጫችን ሥር ይዋኛሉ። «አንቺ ቅደሚ» አሉኝ ጋሼ። ሴትዮዋን አየኋትና አልተከራከርኩም።

እኔ ግን ዕቅዴን ይዤ ነበር የመጣሁት። ክሩን አላላሁት። እዚህ ጋ ዘለልኩ፣ እዚያ ጋ ሳልቋጥር አለፍኩ። ዓይን ላለው ሰው አስቀያሚ ሥራ ነው። ጨርሼ ሳስቀምጠው ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው አነሱት፤ አውራ ጣታቸውን በጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬዱት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ጋሼ፣ ፈርቼ ነው።»

«አትዋሺ!» ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «ይኼ የፍርሃት አይደለም፤ ሆን ብለሽ ነው። የማንን እጅ ነው የምታሰድቢው? ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?»

መሬት መሬቱን አየሁ። ኃላፊው «ምን ይላሉ?» አለኝ። የጋሼ አስተርጓሚ ምን ጊዜም እኔ ነኝ፣ ሌላ የለም። ጋሼ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ንገሪው» አሉ። «ይቺ ልጅ ከእኔ ትበልጣለች በይው። የእኔ ዓይን ሄዷል፤ ክር አይለይም። እሷን ውሰዱ በይው።»

እኔ ደግሞ ምን መሰለኝ? ለእኔ ሲሉ የፈጠሩት ሌላ ደግነት መሰለኝ። ሰው እንዴት በገዛ ዓይኑ ላይ ይዋሻል ብዬ ተናደድኩ። ወደ ኃላፊው ዞሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ጠራዥ ነኝ፤ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መሥራት እችላለሁ ይላሉ» አልኩት።

ጋሼ ቀና አሉ። ሆላንድኛ አይችሉም፤ ቁጥር ግን ከአውቶቡስና ከደመወዝ ወረቀት ላይ ለምደዋል። «ሃያ ሁለት አልሽ» አሉኝ። «እኔ አሁን ቁጥር ጠርቻለሁ?»

መልሴን አልጠበቁም። መርፌውን ከጠረጴዛው ላይ በዳበሳ አገኙት፣ ክር ቆረጡ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞሩ። ክሩ በመርፌው ግራ አለፈ። ምላሳቸው ላይ አርጥበው እንደገና ሞከሩ፤ በቀኝ አለፈ። አሁንም። አሁንም። እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ እሱ ነው አንጀቴን የበላው፤ የባለሙያ እጅ ነው፣ የተረጋጋ፣ ግን መርፌው የት እንዳለ አያውቅም። በመጨረሻ መርፌውን በቀስታ አስቀመጡና ለኃላፊው በራሳቸው አፍ ሁለት የሆላንድ ቃል ተናገሩ። «ኦኸን ካፖት።» ዓይኔ ተበላሽቷል ማለታቸው ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት! በየቀኑ አጠገባቸው ቆሜ፣ ያን ሁሉ ወሬ ሳወራ፣ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም። እሳቸው የጠረጉት ጥግ ላይ አቧራ ሲቀር ዕድሜ ነው ብዬ ዝም ብዬ ከኋላ እጠርግ ነበር። ደረጃ ላይ ቆም ሲሉ ክብራቸው ነው እል ነበር። አሁን ገባኝ። ሥራውን የተዉት እንደ እኔ ለይሉኝታ ብለው አልነበረም። ማየት አቅቷቸው ነው የተዉት። የጽዳቱ ድርጅት ከሰማ የመጀመሪያው ተሰናባች እሳቸው ስለሚሆኑ፣ ለማንም ሳይነግሩ፣ ሙያቸውን ቀስ በቀስ ወደ እኔ እጅ ሲያሻግሩ ነው የከረሙት። እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ልመልስላቸው!

«አሁን ስፊ» አሉኝ፣ ድምፃቸው በርዶ። ያበላሸሁትን ፈታሁና እንደ አዲስ ሰፋሁ። እንባዬ ይወርዳል። ኃላፊው መሐረብ አቀበለኝና «ወረቀቱ እንዳይረጥብ» አለኝ። ሆላንዳዊ እኮ ነው። ስጨርስ ገልበጥበጥ አድርጎ አየው፣ ጀርባውን ሳብ ሳብ አደረገው፣ «ለጀማሪ ይበቃል» አለ። በዚያው ተቀጠርኩ።

ውጭ፣ ድልድዩ ላይ፣ ያዝኳቸው። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽማ እስከ ሮተርዳም ይሰማ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ተናድጄ ሳቅሁ፤ ከዚያ አቅፌያቸው አለቀስኩ። ብስክሌተኞቹ ደወል እየደወሉ በጎንና በጎናችን ያልፋሉ።

ሴትዮዋ ግን በዚያ የምትለቅ አልሆነችም። «ዓይናቸውን ሐኪም አይቶታል?» አለችኝ በማግስቱ። ጋሼ እንቢ አሉ። «ካወቁ ያባርሩኛል፤ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ምን ሊያገኙ?» እሷ በቢሮ በኩል፣ እኔ በልመና በኩል ወጠርናቸው። የተበላሸው ዓይናቸው እንጂ ሥራቸው እንዳልሆነ፣ ታክመው እስኪመለሱ ማንም ቦታቸውን እንደማይነካ የጽዳቱን አለቆች በጽሑፍ አስፈረመችላቸው። እኔ ደግሞ «አፈር ስሆን! በልጄ!» እያልኩ እስከ ጀልባው ድረስ ተከተልኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት «እሺ፣ አፍሽን ከዘጋሽ እሄዳለሁ» አሉ። ዘጋሁ፣ አንድ ቀን ሙሉ።

ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው አለ። ሁለቱም ላይ። የሚገፈፍ ነው። ጋሼ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ «እንዳትዋሺኝ፣ እሱ ያለውን ብቻ!» እያሉ። «የሚገፈፍ ነው ብሏል፣ ጋሼ፣ እግዜር ምስክሬ።» አንዱን ዓይን በክረምት፣ ሌላውን ብርዱ ሲሰበር አደረጉላቸው። ሁለተኛው ዓይናቸው በተሠራበት ቀን ሴትዮዋ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ አብራኝ ተቀምጣ ጠበቀች። ከወገኖቿ ሁለቱን የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ጥናት ክፍል ውስጥ ማስገባቷን፣ አንደኛዋ ማታ ማታ እንድትማር ክፍያውን ዩኒቨርሲቲው እንዲችል ማድረጓን ነገረችኝ። ስለ ራሷ ውል ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንድ ዓመት ጨምረውልኛል» አለችና ወደ በሩ ዞራ «ምነው ቆዩ?» አለች፤ የገዛ አባቷን የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው።

እኔ በዚያን ጊዜ ምድር ቤት መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆኖኛል። ሽርጥ አለኝ፣ የራሴ ወስፌ አለኝ። ኃላፊው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሲያስተምር ምላሱ አይፈታም፤ የማላውቀውን በግምት ነው የምሠራው። አስተማሪ የሚባለው ቦታ ሰው አልተገኘለትም። እኔም በልቤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳና ጋሼ ገቡ። የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር አድርገዋል፤ ዓይናቸው ከኋላው ተለቅ ብሎ ይታያል። ደፉ ላይ ቆመው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ መጭመቂያውን፣ የክሩን ጥቅል፣ መደርደሪያውን። ከዚያ እኔን አዩኝ። ለረጅም ጊዜ።

«አንቺ» አሉኝ፣ «እንዲህ ልጅ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ በወሬሽ ትልቅ ሴትዮ አድርጌሽ ነበር።»

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቀን የደከምኩበት፣ በራሴ ብቻ የጠረዝኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ ነበር። ሮጬ አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት፤ «ጓለይ» እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። መነጽራቸውን አስጠጉ። ፊታቸው ተከሰከሰ።

«ይኼ የሙጫ እድፍ ነው?»

«ትንሽ ነው፣ ጋሼ።»

«ጀርባው አረንጓዴ፣ ጥጉ ሰማያዊ! ክሩ ደግሞ እንደ ሰካራም ነው የሄደው። እኔ በሰው ፊት ቆሜ ከእኔ ትበልጣለች ያልኩት ለዚህ ነው? ፍቺው!»

«ጋሼ፣ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል!»

«ፍቺው አልኩሽ። ከመጀመሪያው። እኔ እዚህ ቆሜ አያለሁ።»

ኃላፊው ከጠረጴዛው ቀና ብሎ «ምን ይላሉ?» አለኝ። ጆሮዬ ድረስ እየጋለ፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኩት። እድፉን፣ ቀለሙን፣ ሰካራሙን ክር፣ ፍቺውንም። መጽሐፉን ተቀበለኝ፤ ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ ገለበጠው። ከዚያ ጋሼን ቀና ብሎ አያቸውና፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ እኔን ሊያስተምሩ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው አለኝ። በደመወዝ፣ በአስተማሪው ቦታ።

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሼ።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ። ጠረጴዛውን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። ጋሼ ደንግጠው አንዴ እኔን፣ አንዴ ኃላፊውን አዩ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከሰውዬው እጅ ነጥቀው በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ዘረጉት።

«በቃ፣ ጓለይ፣ በቃ» አሉ። «ተይው፣ አትፍቺው።»